በመደብር ሞልቶ በሐይቁ የታጣው ሽሪምፕ

ጥያቄዎን ሌሎችም እንዲከታተሉት በአጭሩ ልድገመው። ጀርመን አገር እንደሚኖሩ፣ ለቤትዎ አኳሪየም (የመስታወት የውሃ እንስሳት ገንዳ) «ካርዲናል» የሚባለውን ቀይ ሽሪምፕ፣ ባለ ብዙ እግር ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ለመግዛት እንዳሰቡ፣ ስለ እንስሳው ሲያነቡ ግን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ጋር ተመድቦ አግኝተውት ግራ እንደተጋቡ ጽፈዋል። «በየመደብሩ በደርዘን የሚሸጥ እንስሳ እንዴት ሊጠፋ ነው ይባላል? መዝገቡ አርጅቶ ይሆን? ብገዛው ጥፋት ነው? በየቤቱ የተራባውንስ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ መጨመር አይቻልም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መዝገቡ አላረጀም፣ መደብሩም የሐሰት ዕቃ አልሸጠም። ሻጩ የሚቆጥረው በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ነው፤ መዝገቡ የሚቆጥረው ደግሞ በአንድ ሐይቅ ዳር፣ በድንጋይ ሥር የቀረውን ብቻ ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር ደግሞ ባለፈው አሥር ዓመት ገደማ ፈልጎ ማግኘት አስቸግሯል፤ ከተፈጥሮ መኖሪያው ፈጽሞ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል የሚል ብርቱ ስጋትም አለ። የቀሩት ጥያቄዎችዎ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለሱ አይደሉምና ከእንስሳው ልጀምር።

የዝርያው ሳይንሳዊ ስም ካሪዲና ዴነርሊ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ገልጸው የሰየሙት ክሪስቲና ፎን ሪንቴለንና ዪሾንግ ካይ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። «ዴነርሊ» የሚለው ቃል የምርምር ጉዞውን ለደገፈው ዴነርለ ለተባለ የጀርመን የአኳሪየም ዕቃ አምራች ምስጋና ሆኖ የተሰጠ ነው። ይህን የስም ጉዳይ ያነሣሁት ለወግ አይደለም። ሽሪምፑ በሳይንስ መጽሔት ስም ከማግኘቱ በፊት በአኳሪየም ገበያ ስም ነበረው፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዚህ ንግድ ጋር የተጠላለፈ መሆኑን ወደኋላ ስንመለስበት ያዩታል።

መጠኑ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። መላ ሰውነቱ እንደ ደረቀ በርበሬ የጠቆረ ቀይ ሆኖ፣ በጎንና በጎኑ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል፤ የፊት እግሮቹ ግን ነጭ ናቸው። መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ወዳጄ ቤት ነበር፣ ቀለሙንም ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው፤ ዓይኔን የያዘው የነጫጮቹ እግሮች ሥራ ነበር። ሰፌድ ላይ ምስር የምትለቅም ሴት ጣቶቿ እንዴት እንደሚፈጥኑ ያስቡ። ሽሪምፑም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ሲያሳርፍ ሌላውን እያነሣ፣ ያለ ዕረፍት ይለቅማል፣ ወደ አፉም ያደርሳል። የሚለቅመው በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ የእግሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ብሩሽ የበቀሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ በእነርሱም በድንጋዩ ገጽ ላይ የሚሠራውን ስስ የአልጌና የባክቴሪያ ሽፋን ይጠርጋል። ይህን ያዙልኝ፤ ምግቡ የድንጋይ ገጽ ነው። ድንጋዩ በደለል ከተሸፈነ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው።

ሐይቁ ማታኖ ይባላል፤ በኢንዶኔዥያ በሱላዌሲ ደሴት፣ በደቡብ ሱላዌሲ ክፍለ ግዛት ይገኛል። ስፋቱ ወደ 164 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 590 ሜትር ይደርሳል፤ የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 382 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ውሃው ጥርት ያለ፣ ሞቃትና ለሕይወት የሚሆን ንጥረ ነገር የጎደለው ነው፤ ከመቶ ሜትር ገደማ በታች ደግሞ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ 590 ሜትር የሚለው ቁጥር ሽሪምፑ የሚሸሸግበት ሰፊ ጓዳ ያለው አስመስሎ እንዳያታልልዎ። መኖሪያው ዳር ዳሩን ያለው፣ ብርሃን የሚደርስበት የድንጋይ ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት ከሐይቁ ስፋት ጋር ሲነጻጸር እንደ ልብስ ጥለት ቀጭን ነው።

ከማታኖ የሚወጣው ውሃ ወደ ማሃሎና ሐይቅ፣ ከዚያም 560 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወደሚሰፋው ቶውቲ ሐይቅ ይፈስሳል፤ ከቶውቲም በላሮና ወንዝ በኩል ወደ ቦኔ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። እነዚህ ሐይቆች በጠቅላላ የማሊሊ ሐይቆች ሲባሉ፣ በውስጣቸው ሌላ የትም የማይገኙ ሽሪምፖች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሸርጣኖችና ዓሦች አሉ። አንዳንዶቹ የሚኖሩበት ቦታ ከማሰብ በላይ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ካሪዲና ስፖንጂኮላ የተባለው ሽሪምፕ ቶውቲ ሐይቅ ውሃው በሚወጣበት የባሕር ወሽመጥ መሳይ ጥግ፣ ስፖንጅ በሚባል፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በሚኖር የውሃ እንስሳ ላይ ተጠግቶ የሚኖር ነው።

አንድ ሰው «ውሃው ከተያያዘ ለምን ወደ ሌሎቹ ሐይቆች አይሄድም?» ሊል ይችላል። መልሱ በአወላለዱ ላይ ነው። በሞቃት አገር ወንዞች የሚኖሩ ብዙ ሽሪምፖች እንቁላላቸው ሲፈለፈል የሚወጣው እጅግ ደቃቅ እጭ ሲሆን፣ እጩ ከውሃው ጋር ወደ ባሕር ወርዶ በጨው ውሃ ካደገ በኋላ ወደ ወንዝ ይመለሳል። በአኳሪየም አፍቃሪዎች ዘንድ አማኖ የሚባለው ካሪዲና ሙልቲደንታታ እንዲህ ያለ ነው፤ ስለዚህም አንድ ወንዝ ቢበላሽ ከሌላ ወንዝ የተነሣ እጭ መልሶ ሊሞላው ይችላል። ካርዲናል ሽሪምፕ ግን ጥቂት ትላልቅ እንቁላሎችን ብቻ በሆዱ ሥር ይታቀፋል፤ ሲፈለፈሉም እናታቸውን የመሰሉ ጥቃቅን ሽሪምፖች ሆነው እዚያው ድንጋይ ላይ ይወርዳሉ። የሚንሳፈፍ ልጅ የለውም። ሐይቁን ካጣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው ዘመድ የለውም ማለት ነው።

ጣናን የሚያውቁ አንባቢዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። የጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ ዓሦች፣ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች፣ 40 ሜትር ገደማ የሚወድቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚያው ተለያይተው የተገኙ ናቸው። መነጠሉ ዝርያ ያበዛል፤ ያንኑ ዝርያ ደግሞ ለአንድ ክፉ ቀን ያጋልጣል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ብዙ ሰው ቀይ መዝገብ የብዛት ቆጠራ ይመስለዋል፤ መዝገቡ ግን በዋናነት የሚመዝነው የመጥፋትን ዕድል ነው። መመዘኛዎቹ አምስት ሲሆኑ አንድ ዝርያ ከአምስቱ በአንዱ ብቻ ቢወድቅ እንኳ ወደ አደጋው ክፍል ይገባል። በአንደኛው መመዘኛ፣ በአሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ (የሚረዝመው ተወስዶ) ቁጥሩ በ80 ከመቶ የቀነሰ ዝርያ እጅግ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ ይባላል፤ ይህ የቀነሰበት ምክንያት እየቀጠለ ባለበት ጊዜ ነው። ሽሪምፕ በጥቂት ወራት ለመራባት የሚደርስ እንስሳ በመሆኑ ለእርሱ የሚሠራው የአሥር ዓመቱ ነው። ሌላው መመዘኛ የመኖሪያ ስፋት ነው። ካርታው ሁለት በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፈልና እንስሳው የተገኘባቸው ይቆጠራሉ፤ ድምሩ ከ10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ለከፋው ደረጃ፣ ከ500 በታች ከሆነ ለሚቀጥለው ደረጃ በር ይከፈታል። በር ይከፈታል ያልኩት አውቄ ነው፤ ጠባብ ቦታ መኖር ብቻውን አያስመድብም። ቦታው እየተበላሸ መሆኑና አንድ አደጋ ብቻ ሁሉንም ሊጨርስ መቻሉ፣ ወይም እነዚህን የመሰሉ ሌሎች ሁኔታዎች አብረው መታየት አለባቸው። ከአንድ ጥርት ያለ ምንጭ ሌላ መኖሪያ የሌለው ዝርያ ምንጩን የሚነካ ነገር ከሌለ ከአደጋ ክፍል ውጭ ሊሆን ይችላል።

እኛው ዘንድ ያለ ምሳሌ ልጥቀስ። ቀይ ቀበሮ አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ እየታወቀ፣ የተመደበው ከዚህ ሽሪምፕ አንድ ደረጃ በሚያንስ አደጋ ውስጥ ነው። በቁጥር ማነስ ብቻ ለከፋው ደረጃ ለመብቃት አዋቂዎቹ ከ50 በታች መሆን አለባቸውና። በየአገሩ ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚራባ ሽሪምፕ ደግሞ ከቀይ ቀበሮ በባሰ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም መዝገቡ በገንዳ ያለውን አይቆጥርም፤ ለእርሱ በተፈጥሮ መኖሪያው ራሱን ችሎ የሚኖረው ብቻ ነው የሚታሰበው። ይህን ሕግ ግትርነት የሚሉት አሉ። እኔ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በገንዳ ያለውን መቁጠር ቢጀመር ሐይቅ እየሞተ የሚያምር ሰንጠረዥ ማቅረብ ይቻል ነበር።

ታዲያ ማታኖን ምን ነካው? ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው የኒኬል ማዕድን ነው። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ በሶሮዋኮ ሰፊ የኒኬል ማውጫ አለ፤ አካባቢው በብረትና በኒኬል የከበረ ቀይ አፈር ነው፤ ደን ሲመነጠርና ተራራው ሲገለጥ ዝናብ የሚያጥበው ደለል ወደ ሐይቁ ይገባል። ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን የድንጋይ ገጽ እዚህ ላይ ያስታውሱ። በላሮና ወንዝ ላይ ለማዕድን ማቅለጫው ኃይል የሚሰጡ ሦስት የውሃ ኃይል ማመንጫዎችም አሉ፤ የመጀመሪያው በ1979፣ ሦስተኛው በ2011 ሥራ የጀመሩ ናቸው። እነዚህን ከማታኖ ሽሪምፕ ጋር አያይዞ መክሰስ የተለመደ ቢሆንም ማመንጫዎቹ ከቶውቲ በታች ናቸው፤ በቅርብ የሚነኩትም የቶውቲን የውሃ ከፍታ ነው። ለቶውቲ ሽሪምፖች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ለንግድ መሰብሰቡ ነው። ከ2007 አካባቢ ጀምሮ የሱላዌሲ ሽሪምፖች በጃፓን፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ገበያ ድንገት ተፈላጊ ሆኑ። ሞቃት ውሃ የለመደ ስስ እንስሳ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በአውሮፕላን ሲጓዝ ብዙው መንገድ ላይ ያልቃል፤ የደረሰውም የአዲሱን ውሃ ለውጥ አይችልም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ሽሪምፕ ገንዳ ውስጥ ኖሮ ለማየት ስንቱ ከሐይቁ መውጣት እንደነበረበት ማሰብ አያስደስትም። ይሁን እንጂ ለመጥፋቱ ዋናው ምክንያት መሰብሰቡ ነው ብዬ አላምንም። ድንጋይ ሥር የሚሸሸግ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚራባ ትንሽ እንስሳ በሰው እጅ ብቻ ተለቅሞ ከአንድ ሐይቅ ዙሪያ ማለቁ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ ፍላወርሆርን የሚባለው ዓሣ። ይህ ዓሣ በተፈጥሮ የነበረ አይደለም፤ በ1990ዎቹ በማሌዥያ የዓሣ አርቢዎች ሲክሊድ የሚባሉ የመካከለኛው አሜሪካ ዓሦችን አዳቅለው፣ ግንባሩ እንዲያብጥና ቀለሙ እንዲደምቅ አድርገው ለአኳሪየም ያወጡት ዲቃላ ነው። በእስያ ብዙ ቤቶች የመልካም ዕድል ዓሣ ተብሎ ይያዛል። ሰው ሲሰለቸው ወይም ሲያድግበት ወደ ቅርብ ውሃ ይጥለዋል። ወደ ማታኖ መግባቱን የሚመዘግብ የተመራማሪዎች ጽሑፍ በ2012 ታተመ፤ ከዚያም በሐይቁ ዳርቻ እየተስፋፋ ሄደ። ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ፣ የዓሣ እንቁላል፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ተክልም ሳይቀር ይበላል። የሚያድነው ደግሞ እዚያው ጥልቀት በሌለው የድንጋይ ዳርቻ ላይ ነው፤ የማታኖ ሽሪምፕ ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዲህ ያለ ጠላት አጋጥሞት አያውቅምና መሸሹንም በቅጡ አልተማረም። ዓመታቱን ያስተያዩአቸው፤ ሽሪምፑ ስም ያገኘው በ2009፣ የጠላቱ መግባት የተጻፈው በ2012። ሳይንስ ይህን እንስሳ በስሙ ጠርቶ በሰላም ያየው ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

በመግቢያዬ ታሪኩ ከአኳሪየም ንግድ ጋር የተጠላለፈ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ጉዞውን የደገፈውና ስሙ የተሰጠው ከዚያ ሰፈር ነው፤ ከሐይቁ ያስወጣውም፣ ሳይጠፋ ያቆየውም፣ ጠላቱን ፈጥሮ የላከበትም ያው ሰፈር ነው።

«እንግዲህ ካልተገኘ ለምን በግልጽ ከተፈጥሮ መኖሪያው ጠፍቷል አይሉም?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው። የመዝገቡ ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የመጨረሻው እንስሳ መሞቱን የሚያጠራጥር ነገር እስካለ ድረስ፣ በሚታወቅበትና ይኖርበታል ተብሎ በሚገመትበት ቦታ ሁሉ፣ በተገቢው ወቅትና ሰዓት ተፈልጎ እስኪታጣ ድረስ «ጠፍቷል» አይባልም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከድንጋይ ሥር የሚሸሸግ እንስሳ ሲሆን ደግሞ ጠላቂ ዋናተኛ ድንጋይ እያገላበጠ የሐይቁን ዙሪያ በሙሉ ሊያዳርስ አይችልም። ቀድሞ «አልቋል» ማለትም የራሱ ጉዳት አለው፤ ያለቀ ለተባለ ዝርያ ማንም ገንዘብ አይመድብም፣ መኖሪያውንም የሚጠብቅለት አይኖርም። ስለዚህ በከፋው የአደጋ ደረጃ ላይ ሆኖ ፍለጋው መቀጠሉ ይሻላል።

ካርዲናል በዚህ ብቻውን አይደለም። በ2015 የታተመ፣ በዓለም ጨው አልባ ውሃ የሚኖሩ 763 የሽሪምፕ ዝርያዎችን በአንድነት የመዘነ ጥናት ሁለቱ መጥፋታቸውን፣ ሌሎች አሥር ሳይጠፉ እንዳልቀሩ፣ ሲሶ የሚጠጋውም ለአደጋ የተጋለጠ ወይም ለመጋለጥ የቀረበ መሆኑን አስታውቋል። ብዙዎቹ ደግሞ ለመመደብ እንኳ በቂ መረጃ ያልተገኘላቸው ናቸው።

ወደ ሐይቁ መመለስን በተመለከተ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ዛሬ ቢደረግ ዓሣ መቀለብ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ፍላወርሆርን መወገድ አለበት፤ 164 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሐይቅ ውስጥ ዓሣን በመርዝ መጨረስ ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙትን የማታኖ ዓሦችንና ቀንድ አውጣዎችን አብሮ መጨረስ ስለሆነ የማይታሰብ ነው። በመረብና በጦር እያደኑ ቁጥሩን መቀነስ ይቻል ይሆናል፤ ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላው ችግር በየገንዳው ያለው ሽሪምፕ ራሱ ነው። ከጥቂት ወላጆች የተራባ ስለሆነ የዘር ስብጥሩ የሳሳ ነው፤ ለቀለሙ ድምቀት ሲመረጥ የኖረ ነው፤ ከሌላ አህጉር ሽሪምፖች ጋር በአንድ ውሃ በመዋሉም ማታኖ የማያውቀውን ተውሳክ ይዞ ሊሄድ ይችላል። እርስዎም ሆኑ ሌላ ሰው በግል ተነሣስታችሁ እንዳታደርጉት አደራ እላለሁ።

መግዛቱስ? ቀይ መዝገብ ሕግ አይደለም፤ ደረጃ መስጠት እንጂ መከልከል አይችልም። የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነትም ይህን ሽሪምፕ በዝርዝሩ አላካተተም። ስለዚህ ነገሩ ለገዢው ኅሊና የተተወ ነው። በገንዳ የተራባ ካርዲናል መግዛትን ጥፋት አልለውም፤ እንዲያውም በሚገባ ከተያዘ ዝርያውን በሕይወት የማቆየት አንድ መንገድ ነው። ከሐይቅ የተያዘ የሱላዌሲ ሽሪምፕ መግዛትን ግን፣ ካርዲናልም ባይሆን፣ አልመክርም።

ሁለቱን ለመለየት ሻጩን «ራስህ ያራባኸው ነው?» ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያ ግን መልሱን ትተው ገንዳውን ይመልከቱ። የሚራባበት ገንዳ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ከሚያህለው ጨቅላ ጀምሮ በልዩ ልዩ ዕድሜ ያሉ ሽሪምፖች ይታያሉ፤ ሆዷ ሥር እንቁላል የያዘች እናትም አትጠፋም። ሁሉም አዋቂና እኩል የሆኑበት፣ ገና ትናንት የደረሱ የሚመስሉ፣ በገንዳው ጥግ ተጠግተው የቆሙ ከሆነ ይተዉት። ሲገዙም ከማን፣ መቼ፣ ስንት እንደገዙ ይጻፉ፤ ወደፊት አንድ የእርባታ መርሐ ግብር የዘር ሐረግ ቢፈልግ፣ ታሪኩ የተጻፈለት ሽሪምፕ ካልተጻፈለት ይልቅ ይጠቅማል። ከሌሎች የሱላዌሲ ሽሪምፖች ጋርም በአንድ ገንዳ አይቀላቅሏቸው።

የጀርመን የቧንቧ ውሃ በብዙ ከተሞች ኖራ የሚበዛበት ስለሆነ እንዳለ አይሆንም፤ ተጣርቶ ተስማሚ ማዕድን የተመለሰበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ወደ 8 የሚጠጋ ውሃ ያስፈልግዎታል። ሙቀቱ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይሁን፤ በክረምት ማሞቂያው ቢበላሽ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ሊያጡ ይችላሉና ትርፍ ማሞቂያ ይኑርዎት። ከሁሉ በላይ ግን አይቸኩሉ። ገንዳውን ድንጋይ ሞልተው፣ መብራት አብርተው፣ ሽሪምፕ ሳያስገቡ ሁለት ሦስት ወር ያቆዩት፤ ድንጋዩን በጣትዎ ሲነኩት የሚያንሸራትት ሽፋን ሲያወጣ፣ ያኔ ሄደው ይግዙ። ያንን ሽፋን ቆሻሻ ነው ብለው እንዳይፈትጉት።